ሸርሊ ቴምፕልን ከሕፃን ተዋናይነት ወደ አምባሳደርነት ያደረሳት ዝናዋ ብቻ ነበር?

የድሮ ፊልሞች ወዳጅ (ጥያቄ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ሸርሊ ቴምፕል የኋላ ሕይወት በሚገባ ያነበበ ሰው ካለ እንዲያስረዳኝ ነው ይህን የምጽፈው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አብዛኞቻችን የምናውቃት በተጠቀለለ ጸጉሯና በታፕ ዳንሷ (በጫማ ምት በሚጨፈረው ዳንስ) ነው። በ1928 በካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ሞኒካ ተወለደች። ገና በሦስት ዓመቷ ከዳንስ ትምህርት ቤት ተመርጣ በአጫጭር ፊልሞች መሥራት ጀመረች፤ በ1934 ፎክስ ስቱዲዮ ካስፈረማት በኋላ ዝናዋ በአንድ ጊዜ ገነነ። ከ1935 እስከ 1938 ድረስ ለአራት ተከታታይ ዓመታት ከአሜሪካ ተዋንያን ሁሉ የበለጠ ተመልካች ወደ ሲኒማ ቤት የምትስብ ተብላ አንደኛ ሆነች። የኦስካር አካዳሚ ለልጆች ያዘጋጀውን ልዩ ሽልማት በ1935 መጀመሪያ ስትቀበል ሰባት ዓመት እንኳን አልሞላትም ነበር። አገሩ በኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ በነበረበት በዚያ ዘመን በስሟ የተሠሩ አሻንጉሊቶችና ልብሶች በየመደብሩ ይሸጡ እንደነበር ይታወቃል።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ግን ለእኔ ግልጽ አይደለም። በ22 ዓመቷ ትወናን ትታ ትወጣለች። ከዚያም በ1974 በጋና የአሜሪካ አምባሳደር፣ በ1976 የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ የመጀመሪያዋ ሴት የፕሮቶኮል ሹም (የውጭ አገር እንግዶችን አቀባበልና የመንግሥት ሥነ ሥርዓቶችን የሚመራ ባለሥልጣን)፣ በ1989 ደግሞ በቼኮዝሎቫኪያ አምባሳደር ሆና እናገኛታለን። ስለዚህ ጉዳይ ሁለት ዓይነት አስተያየት አነባለሁ። አንደኛው፣ በአሜሪካ ያሸነፈው ፓርቲ ለደጋፊዎቹ የአምባሳደርነት ወንበር መስጠቱ የቆየ ልማድ ስለሆነ የእሷም ሹመት የዝናዋ ዋጋ እንጂ ሌላ አይደለም የሚል ነው። ሁለተኛው ሕይወቷን እንደ አርአያ እያነሣ ልጅን በጊዜ ሥራ ማስለመድ ለትልቅ ደረጃ እንደሚያበቃ ማስረጃ ያደርጋታል። ሁለቱም አላረኩኝም። በሕፃንነቷ የሠራችው ሥራ ለኋላ ሥራዋ በእውነት ምን አበረከተ? ከሌሎች የሕፃንነት ዝነኞች የተለየ ዕድል የገጠማትስ ለምንድን ነው?

የዲፕሎማሲ ታሪክ አንባቢ፦

ውድ ጠያቂ፣ ሹመቱ ፖለቲካዊ መሆኑን መካድ አይቻልም። ሸርሊ ቴምፕል፣ በትዳር ስሟ ሸርሊ ቴምፕል ብላክ፣ ከውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ የታችኛው እርከን ተነሥታ ደረጃ በደረጃ ያደገች ዲፕሎማት አልነበረችም። የሪፐብሊካን ፓርቲ ደጋፊ ነበረች፤ ለፓርቲው ገንዘብ ታሰባስብ ነበር፤ የሾሟትም የዚያው ፓርቲ ፕሬዚዳንቶች ናቸው። ሆኖም ከ1950 እስከ 1974 ያለውን ሃያ አራት ዓመት ዘልሎ ከሕፃኗ ተዋናይ በቀጥታ ወደ አምባሳደሯ የሚሻገር አተራረክ ዋናው ነገር ያመልጠዋል። መልሱ ያለው በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ።

በ1950 መጨረሻ ያገባችው ቻርልስ ብላክ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በባሕር ኃይል የመረጃ መኮንንነት ያገለገለ ነጋዴ ነበር። የኮሪያ ጦርነት ሲነሣ ወደ ባሕር ኃይሉ በመመለሱ ባልና ሚስቱ ኑሯቸውን ወደ ዋሽንግተን አካባቢ አዛወሩ፤ በስቱዲዮ አጥር ውስጥ ላደገች ወጣት ይህ ከመንግሥት ሥራና ከፖለቲካ ጋር የተዋወቀችበት የመጀመሪያው አጋጣሚ ነበር። ወደ ካሊፎርኒያ ከተመለሱ በኋላ ልጆቿን እያሳደገች በበጎ አድራጎት ሥራ ተጠመደች። ታላቅ ወንድሟ ጆርጅ መልቲፕል ስክለሮሲስ የተባለው የነርቭ በሽታ ስለያዘው በዚህ በሽታ ላይ የሚሠሩ ማኅበራትን ለማስተባበር ብዙ ደክማለች። ይህን የቤተሰብ ጉዳይ የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ወደ ዓለም አቀፍ ሥራ ያስገባት ይኸው ነውና።

በ1967 ከሳን ፍራንሲስኮ በስተደቡብ ላለው የምርጫ ክልል የኮንግረስ አባል ለመሆን ተወዳደረች። የቬትናምን ጦርነት ደግፋ ቆመች፤ በዚያው በሪፐብሊካን ፓርቲ ውስጥ ጦርነቱን የተቃወመው ፒት ማክሎስኪ አሸነፋት። ዝና ብቻውን ለሥልጣን የሚያበቃ ቢሆን ኖሮ በዚያ ምርጫ ማሸነፍ ነበረባት። ይልቁንም ስሟ እንቅፋት ሆኖባት ነበር ብል የተጋነነ አይመስለኝም፤ ፖሊሲ ልታስረዳ በቆመችበት መድረክ የሕፃንነት ዘፈኗን እያነሡ የሚቀበሏት ሰዎች ከፊታቸው የቆመችውን የ39 ዓመት ሴት አላዩም።

በቀጣዩ ዓመት፣ በኦገስት 1968፣ የመልቲፕል ስክለሮሲስ ማኅበራትን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ወክላ ወደ ፕራግ ሄደች። የሄደችበት ዓላማ ቼኮዝሎቫኪያ የፌዴሬሽኑ አባል እንድትሆን መጠየቅ ነበር፤ ለውጥ ጀማሪውን የፓርቲ መሪ አሌክሳንደር ዱብቼክንም ለማግኘት ቀጠሮ ይዛ ነበር። ይሁን እንጂ በኦገስት 20 ሌሊት በሶቪየት ኅብረት የሚመሩት የዋርሶ ስምምነት አገሮች ታንኮች ድንበሩን ጥሰው ገቡ። ሆቴሏ ውስጥ ታግዳ ሳለች አንዲት ሴት በጥይት ተመትታ ስትወድቅ ማየቷን ከዓመታት በኋላ ተናግራለች። ከሌሎች የውጭ አገር ሰዎች ጋር በመኪና ታጅባ ወደ ምዕራብ ጀርመን ወጣች። ከሃያ አንድ ዓመት በኋላ ወደዚያችው ከተማ አምባሳደር ሆና ስትመለስ የምትሄድበትን አገር ቁስል በዓይኗ ያየች ሰው ነበረች፤ በፖለቲካ ከሚሾሙ አምባሳደሮች መካከል ይህን ማለት የሚችል ጥቂት ነው።

በ1969 ፕሬዚዳንት ኒክሰን በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የአሜሪካ ልዑክ አባል አድርገው ሾሟት። በዚያም በአካባቢ ጥበቃና በስደተኞች ጉዳይ ላይ ሠርታለች። በ1974 መጨረሻ ፕሬዚዳንት ፎርድ ወደ ጋና ሲልኳት ብዙዎች ሹመቱን ተቃወሙት። እሷ ግን በጋና ማንም በቁም ነገር ለመቀበል እንዳልተቸገረ፣ የተቸገሩት ፊልሞቿን ካዩ በኋላ ማደጓን ማመን ያቃታቸው አሜሪካውያን ብቻ እንደሆኑ ተናግራለች። የጋና ቆይታዋ ቀላል አልነበረም። በ1976 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሄንሪ ኪሲንጀር አፍሪካን ሲጎበኙ የጋና መንግሥት መሪው ጄኔራል አቼምፖንግ መታመማቸውን ገልጾ ጉብኝቱን በመጨረሻው ሰዓት ሰረዘ። እንዲህ ያለው ስረዛ በየትኛውም ኤምባሲ ላይ ከባድ የሥራ ጫና የሚያመጣ ነገር ነው፤ የአምባሳደርነቷን ዘመን የግብዣና የፎቶግራፍ ጊዜ ብቻ አድርገው ለሚያዩ ሰዎች ይህን ማስታወስ ይገባል።

ከዚያ በኋላ የመጣው የፕሮቶኮል ሹምነት አጭር ነበር፤ ከጁላይ 1976 እስከ ጃንዋሪ 1977። የፎርድ ተሿሚ ሆና ሳለ የተቀናቃኛቸውን የጂሚ ካርተርን በዓለ ሢመት በማዘጋጀት ተሳትፋ ከሥራው ወጣች። በእኔ አስተያየት ከሁሉ ይልቅ ሚዛን የሚደፋው ግን በ1980ዎቹ የሠራችው ነው፦ አዲስ የተሾሙ አምባሳደሮች ወደየአገሩ ከመሄዳቸው በፊት የሚወስዱትን ሥልጠና ከሚመሩት አንዷ ነበረች። ሹመቱ ባዶ የክብር ስም ቢሆን ኖሮ መሥሪያ ቤቱ ሌሎችን እንድታሠለጥንለት አይጠራትም ነበር። በ1987 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጆርጅ ሹልትዝ የክብር የውጭ አገልግሎት መኮንንነት ማዕረግ ሰጧት።

በኦገስት 1989 ፕሬዚዳንት ቡሽ (አባትየው) ወደ ፕራግ ላኳት። ስትደርስ አገሪቱን የሚገዛው ኮሚኒስት ፓርቲ ነበር፤ ኖቬምበር 17 ቀን ፖሊስ የተማሪዎችን ሰልፍ በዱላ ሲበትን ሕዝቡ ተነሣ፤ በሳምንት ውስጥ የፓርቲው መሪ ከሥልጣን ለቀቀ፤ በዲሴምበር 29 ለዓመታት በእስርና በክትትል የኖረው የተውኔት ጸሐፊ ቫክላቭ ሃቬል ፕሬዚዳንት ሆነ። እስከ 1992 በዚያ ቆየች። እንግዲህ ጥያቄዎን በአጭሩ ስመልስ፣ ስሟ በሩን ከፈተላት፤ በሩ ከተከፈተ በኋላ ለሃያ ዓመት ያህል በውስጥ ያቆያት ግን ሥራዋ ነው።

ሕግና ኪነ ጥበብ፦

ከላይ የቀረበውን ማብራሪያ በምስጋና አንብቤዋለሁ፤ ስለ ዲፕሎማሲው የምጨምረው የለም። ጠያቂው ባነሡት ሁለተኛ አስተያየት ላይ ግን፣ ማለትም ልጅን በጊዜ ሥራ ማስለመድ ለትልቅ ደረጃ ያበቃል በሚለው ላይ፣ ዝም ማለት አልችልም። የሸርሊ ቴምፕልን መልካም ፍጻሜ ለሕፃናት ሥራ ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ በእሷና በመሰሎቿ ላይ የተፈጸመውን በደል መሸፈን ነው።

ከመጀመሪያዎቹ ፊልሞቿ እንነሣ። በ1932 እና በ1933 የተሠሩት አጫጭር ፊልሞች ሕፃናትን እንደ አዋቂ አልብሰው የአዋቂዎችን ታሪክ የሚያሾፉ ነበሩ። በ1988 ባሳተመችው ግለ ታሪኳ እንደምትነግረን፣ በቀረጻ ጊዜ ያስቸገረ ልጅ ለድምፅ ባለሙያ በተሠራ ጠባብ ጨለማ ሣጥን ውስጥ ይዘጋበት ነበር፤ በውስጡ ያለው መቀመጫም የበረዶ ግግር ብቻ ነበር። እሷ ራሷ ይህ ዘላቂ ጉዳት እንዳላደረሰባት፣ ይልቁንም የባከነ ጊዜ የባከነ ገንዘብ መሆኑን እንዳስተማራት ጽፋለች። አምናታለሁ። ሆኖም እንዲህ ብሎ ለመጻፍ የበቃው ከዚያ ሣጥን በሰላም የወጣው ብቻ ነው፤ የሌሎቹን ልጆች ታሪክ ማን ጻፈው?

ሁለተኛው ገንዘቡ ነው። በግለ ታሪኳ እንደዘረዘረችው፣ በሕፃንነቷና በወጣትነቷ ያገኘችው ከ3.2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። በሃያዎቹ መጀመሪያ ዕድሜዋ ሒሳቡን ስትመረምር በስሟ በአደራ ተቀምጦ ያገኘችው 44,000 ዶላር ብቻ ነው። አባቷ የባንክ ሠራተኛ ነበር። ገንዘቡ ለቤተሰቡ ኑሮና ለሠራተኞች ደመወዝ ወጥቷል፣ በመጥፎ ምክርም ባክኗል፤ ከገቢዋ ከፊሉ በአደራ እንዲቀመጥ ፍርድ ቤት ያዘዘውም በአግባቡ አልተፈጸመም። እሷ ወላጆቿን አልከሰሰችም፤ ያለ ቂም አለፈችው። ይህ የእሷ ደግነት ነው፤ የሕጉ ድክመት ግን ድክመት ሆኖ ይቀራል።

የሕጉን አመጣጥ ለማያውቁ ጥቂት ልበል። በ1921 በቻርሊ ቻፕሊን ፊልም ውስጥ የተጣለውን ሕፃን ሆኖ የተጫወተው ጃኪ ኩጋን በ1920ዎቹ ሚሊዮኖች አገኘ። በ1935 አባቱ በመኪና አደጋ ሞተ። ልጁ 21 ዓመት ሲሞላው ገንዘቡን ሲጠይቅ እናቱና የእንጀራ አባቱ የልጅ ገቢ የወላጅ ነው ብለው ከለከሉት፤ በዘመኑ በካሊፎርኒያ በነበረው ሕግም አባባላቸው መሠረት ነበረው። በ1938 ከሰሳቸው፤ በመጨረሻ የደረሰው 126,000 ዶላር ያህል ነው። ሕዝቡ በጉዳዩ በመቆጣቱ ካሊፎርኒያ በ1939 በተለምዶ በስሙ የሚጠራውን የኩጋን ሕግ አወጣች። ይህ ሕግ በፍርድ ቤት የጸደቁ ውሎችን ብቻ ይመለከት ስለነበር ብዙ ልጆች ከጥበቃው ውጭ ቀሩ። የሸርሊ ቴምፕል ገንዘብ የባከነው ሕጉ ከወጣ በኋላም ጭምር ነው። በፌዴራል ደረጃ ደግሞ የ1938ቱ የሥራ ሕግ የሕፃናትን ጉልበት ሲከለክል የፊልምና የቲያትር ሕፃናትን ከክልከላው ነፃ አደረጋቸው፤ ይህ ክፍል በተለምዶ በሸርሊ ቴምፕል ስም ሲጠራ ይሰማል። ካሊፎርኒያ የልጁ ገቢ የልጁ ንብረት ነው ብላ በግልጽ የደነገገችው፣ ቀጣሪውም ከጠቅላላ ክፍያው 15 በመቶውን በአደራ ሒሳብ እንዲያስገባ ያስገደደችው ከ2000 መጀመሪያ ጀምሮ ነው። ስድሳ ዓመት ፈጀ።

ስለዚህ የሸርሊ ቴምፕል የኋላ ሥራ የሕፃንነት ሥራዋ ፍሬ ነው ከማለት፣ የሕፃንነት ሥራዋ ዕዳ ቢተውባትም የተገኘ ነው ማለት ለእውነት ይቀርባል።

የድሮ ፊልሞች ወዳጅ፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ ገንዘቡ ያነበብኩት እንቅልፍ የሚነሣ ነው። ከጥያቄዬ አንዱ ክፍል ግን አልተነካም፦ ትወናውስ ለምን አበቃ? በ1940ዎቹ ጥሩ ፊልሞች ላይ ሠርታለች፤ ችሎታዋ ከዕድሜዋ ጋር ጠፋ ማለት ይቻላል ወይስ ተመልካቹ ነው የከዳት? ጃኪ ኩጋንስ ከክሱ በኋላ ምን ሆነ?

የልጆች ቲያትር መምህርት፦

ይህን ክፍል እኔ ብመልሰው ደስ ይለኛል፤ ልጆችን ትወና ሳስተምር የሸርሊ ቴምፕልን ቀደምት ፊልሞች ደጋግሜ አሳያለሁና።

ተመልካቹ የወደደው ችሎታዋን ብቻ ሳይሆን ዕድሜዋንም ነበር። ይህን ስቱዲዮው በሚገባ ያውቅ ነበር። ገና ከመነሻው ዕድሜዋ በአንድ ዓመት ተቀንሶ ተነገረ፤ እሷ ራሷም ትክክለኛ ዕድሜዋን ያወቀችው ወደ አሥራ ሦስት ስትጠጋ ነው። ዕድሜን የሸጠ ዝና ዕድሜ ሲጨምር መርገፉ አይቀርም። በ1940 የወጣ ትልቅ ፊልሟ ሳይሳካ ሲቀር ወላጆቿ ከፎክስ ጋር የነበራትን ውል አስቋርጠው መደበኛ የሴቶች ትምህርት ቤት አስገቧት። እስከዚያ ድረስ የተማረችው በስቱዲዮ ግቢ ውስጥ ከግል አስተማሪ ጋር ነበር። ለእኔ የሕይወቷ መታጠፊያ ከሹመቶቿ ሁሉ ይልቅ ይህ ነው። በአሥራ ሁለት ዓመቷ ከእኩዮቿ ጋር ተቀምጣ የተማረችው፣ ጓደኛ ያፈራችው፣ እስከ 1945 ድረስም ያለማቋረጥ ትምህርቷን የጨረሰችው በዚያ ነው። ወላጆቿ በገንዘቧ ላይ ያጠፉት ጥፋት እውነት ቢሆንም ይህን ውሳኔ በትክክለኛው ጊዜ መወሰናቸውንም መመስከር ፍትሕ ነው።

ከዚያ በኋላ በ1944 በፕሮዲዩሰሩ በዴቪድ ሴልዝኒክ ፊልም፣ በ1948 ደግሞ በዳይሬክተሩ በጆን ፎርድ ፊልም ውስጥ ጥሩ ሠርታለች። በነዚህ ፊልሞች ውስጥ ስመለከታት መጥፎ ተዋናይ አትታየኝም፤ ልከኛ፣ ንጹሕ አነጋገር ያላት፣ ከሌሎች ወጣት ተዋንያን ብዙም የማትለይ ናት። በሕፃንነቷ ግን ማንም አይተካከላትም ነበር። በ1935 ከጥቁሩ ታላቅ የታፕ ዳንሰኛ ከቢል ሮቢንሰን ጋር በደረጃ ላይ የጨፈረችውን ተመልከቱ። ጥቁር ወንድና ነጭ ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚታዩበትን ትዕይንት በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ቆርጠው በሚያወጡበት ዘመን የተሠራ ነው። የሮቢንሰንን እግር በዓይኗ ሳትከተል በጆሮዋ እየሰማች ምት በምት ትመልስለታለች። ይህን የሚያደርግ የስድስት ዓመት ልጅ በማስተማር ዘመኔ አልገጠመኝም። እንዲህ ያለ ተሰጥኦ ያላት ልጅ አድጋ «ልከኛ» ስትባል ተመልካቹ እንደ ውድቀት ይቆጥረዋል። ስለዚህ ተመልካቹ ከዳት ወይስ ችሎታዋ ጠፋ ለሚለው መልሴ፣ ሁለቱም ሳይሆን መለኪያው ራሱ ሕፃን እንደነበረች ቀረ የሚል ነው።

የሕፃንነት ሥራዋ ለኋላው ምን አበረከተ ለሚለው ደግሞ አንድ ነገር ይታየኛል። እናቷ ገርትሩድ በየቀኑ ማታ ማታ የነገውን ጽሑፍ ታስጠናት ነበር፤ ሸርሊ የራሷን ብቻ ሳይሆን የሌሎቹንም ቃል በቃሏ ይዛ ትገኝ ነበር። ተዘጋጅቶ መምጣት፣ በማያውቁት ሰው መካከል መረጋጋት፣ ሰው እያየ ሥራን መቀጠል፣ እነዚህ ለዲፕሎማትም የሚጠቅሙ ልማዶች ናቸው። ግን ልጅን እንዲህ ያለ ልማድ ለማስያዝ የበረዶ መቀመጫ አያስፈልግም፤ በዚህ ከላይ ከጻፉት የሕግ ባለሙያ ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።

ዝናዋን እንደ ባለቤት ስታዝበት የማያት በ1972 ነው። የጡት ካንሰር ተገኝቶባት ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። በዚያን ጊዜ ልማዱ በማደንዘዣ ላይ ሳሉ ናሙናውን መርምሮ፣ ካንሰር ከሆነ ሴትየዋ ሳትነቃ ጡቷን መቁረጥ ነበር። እሷ ግን የምርመራው ውጤት ተነግሯት ራሷ ከወሰነች በኋላ ብቻ ቀዶ ሕክምናው እንዲደረግ አስገደደች፤ ከዚያም ከሆስፒታል ሳትወጣ ጋዜጠኞችን ጠርታ ጉዳዩን በይፋ ተናገረች፤ በመጽሔትም ጻፈችበት። የፕሬዚዳንት ፎርድ ባለቤት ቤቲ ፎርድ ስለ ራሳቸው ሕመም በይፋ ከመናገራቸው ሁለት ዓመት በፊት መሆኑ ነው። በሽታው በሹክሹክታ እንጂ በአደባባይ በማይጠራበት ጊዜ ሌሎች ሴቶች እንዲመረመሩ ስሟን ሰጠች። በሕፃንነቷ ስሟን ሌሎች ይሸጡት ነበር፤ እዚህ ላይ ግን ምን እንደሚሠራበት የወሰነችው ራሷ ናት።

ስለ ጃኪ ኩጋን፦ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሞተር አልባ የጭነት አውሮፕላን አብራሪ ሆኖ በበርማ ዘምቷል። ከዚያ በኋላ በቴሌቪዥን በትናንሽ ድርሻዎች ኖረ፤ ከ1964 እስከ 1966 ድረስ በታየ አንድ አስቂኝ ተከታታይ ድራማ ውስጥ ራሱን ተላጭቶ፣ አጎት ፌስተር ሆኖ፣ ከሕፃንነቱ ጋር ምንም በማይገናኝ መልክ እንደገና ታወቀ። በ1984 ሞተ። ከትወና ሙሉ በሙሉ የወጡም አሉ። በ1971 «ዊሊ ዎንካና የቸኮሌት ፋብሪካው» በተባለው ፊልም ላይ ዋናውን ልጅ የተጫወተው ፒተር ኦስትረም ለተጨማሪ ፊልሞች የቀረበለትን ውል አልቀበልም ብሎ የእንስሳት ሐኪም ሆኗል፤ ዕድሜውን በሙሉ ላሞችና ፈረሶች ሲያክም ኖሯል። የእሱን ሕይወት ከአምባሳደርነት ያነሰ ውጤት አድርገን እንዳናይ እፈራለሁ። ልጆቹን ሳስተምር ከሸርሊ ቴምፕል ይልቅ እሱን አስቀድማለሁ፤ መሥራትም መተውም የልጁ ምርጫ ሊሆን እንደሚችል ያሳያልና።

የዲፕሎማሲ ታሪክ አንባቢ፦

መምህርት፣ ስለ 1940ው ውሳኔ የጻፉት አሳምኖኛል፤ እኔ የጀመርኩት ከ1950 ስለነበር ትምህርት ቤቱን ዘልዬው ነበር። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በ1998 የኬኔዲ ማዕከል የክብር ሽልማት፣ በ2006 ደግሞ የፊልም ተዋንያን ማኅበር የዕድሜ ልክ ሽልማት ተሰጥቷታል። በ2014 በ85 ዓመቷ ስታርፍ ቤተሰቧ ባወጣው መግለጫ ተዋናይነቷንና ዲፕሎማትነቷን አንሥቶ ከሁሉ በላይ ግን እናትነቷንና አያትነቷን ነበር ያከበረው። ተዋናይነቷና ዲፕሎማትነቷ ጎን ለጎን መቀመጣቸው ትክክል ይመስለኛል።

ሕግና ኪነ ጥበብ፦

ጠያቂው በውስጥ መስመር «ይህ ሁሉ ያለፈ ዘመን ጉዳይ አይደለም ወይ?» ብለው ስለጠየቁኝ መልሱን ሌሎችም እንዲያዩት እዚህ አስቀምጠዋለሁ። አይደለም። ዛሬ ስቱዲዮው የወላጅ ስልክ ነው። የልጆቻቸውን የዕለት ኑሮ እየቀረጹ በኢንተርኔት በመልቀቅ ከማስታወቂያ ገቢ የሚያገኙ ወላጆች በዝተዋል፤ ልጁ ውል የለውም፣ የሥራ ሰዓት የለውም፣ የቀረጻውና የቤቱ ወሰንም አይለይም። የኩጋን ሕግ የተጻፈው ቀጣሪና ተቀጣሪ ላለበት ሥራ ስለነበር ቀጣሪው ወላጁ ራሱ ሲሆን አልሠራም። ኢሊኖይ ይህን ለማስተካከል ያወጣችው ሕግ በጁላይ 2024 ሥራ ላይ ዋለ፤ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ካሊፎርኒያም ተመሳሳይ ጥበቃ የሚሰጥ ሕግ አጸደቀች። በኢሊኖይ ሕግ መሠረት ወላጁ፣ ዕድሜው ከ16 በታች የሆነ ልጅ በሰፊው የሚታይባቸው ቪዲዮዎች ካስገኙት ገቢ ለልጁ የሚገባውን ድርሻ በአደራ ማስቀመጥ አለበት፤ ካላስቀመጠም ልጁ ወላጁን መክሰስ ይችላል። ሕጉ የገንዘቡን ጥያቄ ይመልሳል። ልጁ አድጎ «ይህ ቪዲዮ እንዲታይ አልፈልግም» ቢል ምን ይደረጋል የሚለው ግን በብዙ ክፍለ ግዛቶች ገና በሕግ አልተመለሰም።